«ጋሼ፣ ልቀንስለት?»

ባለፈው ጊዜ አዲስ አበባ ስሄድ፣ መርካቶ የሕንፃ ዕቃ ሱቅ ያላቸው አጎቴ ምሳ ጋበዙኝ። ክትፎው ቀረበ። ገና እጃችንን ሳንሰድ ስልካቸው ጮኸ።

«ጋሼ፣ ባለ 32 ጌጅ ቆርቆሮ የሚፈልግ ሰው መጥቷል፤ ስንት ልበለው?»

ነገሩት። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ፦ «50 ነው የምወስደው፣ ቀንስልኝ እያለ ነው። ልቀንስለት?» ክትፎው እስኪያልቅ ሰባት ጊዜ ተደወለ። ቆጥሬያለሁ። አንዱ የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ የት እንደተቀመጠ ለመጠየቅ ነበር።

ልጁ ትናንት የተቀጠረ እንዳይመስላችሁ። ስምንት ዓመት አብሯቸው ሠርቷል። የትኛው ዕቃ በስንት እንደገባ ከእሳቸው እኩል ያውቃል። ግን ማወቅ ሌላ፣ መወሰን ሌላ። «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» እየተባለ ያደገ ሰው፣ ቢያውቅስ ምን ብሎ ይናገራል?

እኔ ሜሪላንድ ውስጥ ሆቴል ነው የምሠራው፤ እንግዳ መቀበያው ላይ። በተቀጠርኩ ሳምንት ማናጀሬ፣ እንግዳ ቅር ካለው እስከ 100 ዶላር ድረስ ራስህ ቀንስለት፣ እኔን አትጠብቅ አለችኝ። ወጥመድ ነበር የመሰለኝ። አንድ ሌሊት ከጣሪያው ውሃ ፈስሶበት ጫማው የራሰ ሰውዬ ተቆጥቶ ወረደ። ልቀንስለት አሰብኩ፤ እጄ ኪቦርዱ ላይ ደርቆ ቀረ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ደወልኩላት። በእንቅልፍ ድምፅ «100 አላልኩህም?» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

በዚህ ሙያ ስሙ የሚነሳው ሪትዝ ካርልተን የተባለው የቅንጦት ሆቴል ድርጅት ነው። እዚያ ክፍል የሚያጸዳው ሠራተኛ ሳይቀር የአንድን እንግዳ ችግር ለመፍታት፣ አለቃ ሳያስፈቅድ እስከ 2,000 ዶላር ማውጣት ይችላል። ይህን ለአገር ቤት ሰው ስነግር «ፈረንጅ እኮ ሰው ያምናል» ይሉኛል። እኔም እንደዚያ እል ነበር። ስቆይ ነው የገባኝ። የምቀንሳት እያንዳንዷ ዶላር በስሜ ሲስተም ውስጥ ትመዘገባለች። ከራሴ በላይ ካሜራ አለ። ሳልቀጠር በፊት የኋላ ታሪኬ ተመርምሯል። ማናጀሬ የሰጠችኝ እምነት አይደለም፤ መሳሳት የምችልበት 100 ዶላር ነው።

አጎቴ ደግሞ የሰጡት ሥራውን ብቻ ነው። ስህተቱን ለራሳቸው አስቀርተዋል። አልፈርድባቸውም። ከዓመታት በፊት አንዱ ሠራተኛ የሳምንት ሽያጭ ይዞ ተሰወረ። ዋሱን ቢፈልጉት ዋሱም የለም። በዚያ ላይ ሐምሌ 2016 ዶላሩ በገበያ ዋጋ ይመራ ከተባለ ወዲህ፣ ጠዋት የሸጡበት ዋጋ ማታ ዕቃውን መልሶ እንደማይገዛላቸው ይነግሩኛል። ስልኩ ቢጮህ ምን ይገርማል?

አሜሪካ መኖርም ብቻውን አይቀይርም። ሲልቨር ስፕሪንግ ሬስቶራንት ያለው ጓደኛዬ ዘጠኝ ዓመት አገሩ አልሄደም። ለምን ስትሉት «ቁሌቱን ማን ይቀምስልኛል?» ይላል። ወጥ የምትሠራው ሴትዮ እኮ እሱ ሳይወለድ ጀምራ ወጥ ስትሠራ የኖረች ናት!

ከሁሉ የገረመኝ ግን የአጎቴ እድር ነው። ዳኛው እሳቸው ናቸው። እኔ እዚያው እያለሁ አንድ ጎረቤት አረፉ። አጎቴ ከሱቅ እስኪመጡ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ወንበሩ ተደርድሯል፣ ገንዘብ ያዡ የሚሰጠውን ቆጥሮ ለቤተሰቡ ሰጥቷል። «ጋሼ፣ ድንኳን ልትከል?» ብሎ የደወለ የለም። ለአባል ስንት፣ ለአባል ወላጅ ስንት እንደሚሰጥ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ተጽፏል። ዕቃ ቤቱ የማን እንደሆነ ይታወቃል። ሱቃቸው ውስጥ ለአምስት መቶ ብር የሚንቀጠቀጡት ሰውዬ የእድሩን ካዝና ለሌላ ሰው ትተው እንቅልፋቸውን ይተኛሉ።

ይህንኑ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። «እድርና ንግድ አንድ ነው እንዴ?» አሉ። በማግስቱ ግን ልጁን እኔው ፊት ጠርተው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ብዙ ለሚገዛ ሰው እስከ 500 ብር ራስህ ቀንስ፤ ደብተር ላይ ጻፈው» አሉት። ልጁ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየ። «እሺ ጋሼ» አለ።

ከሰዓት በኋላ ቤት ቡና እየጠጣን ነው። ሁለተኛው ሲቀዳ ስልካቸው ጮኸ። ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«ጋሼ፣ ያ 500 ያሉኝ… 300 ልቀንስለት?»

አጎቴ አዩኝ። ሲኒውን አስቀመጡና ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው፦

«ስንት ቆርቆሮ ነው የሚወስደው?»