ቅጠሉ ሌላ፣ መድኃኒቱ ሌላ

የሰሜን ሸዋ ወገኖቻችን፣ ከመንዝ እስከ ይፋት ያላችሁ፣ ስሙን። «ፈረንጆቹ ካናቢስ መድኃኒት ነው አሉ» የሚለውን ወሬ ይዛችሁ፣ የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ ክኒን አስጥላችሁ ቅጠል ቀቅላችሁ ልታጠጡ የምታስቡ፣ ተዉ! አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል።

መጀመሪያ ስሙን ለዩ። «ዕፀ ፋሪስ» ሲባል አንዱ ካናቢስን፣ ሌላው በየአጥሩ ሥር የሚበቅለውን አስተናግር ያስባል። አስተናግር አበባው ጡሩምባ የሚመስል፣ ፍሬው እሾሃም ነው፤ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ መርዞች አሉበት፤ አፍ ያደርቃል፣ ያስቃዣል፣ ልብ ያስሮጣል፣ ይገድላል። በስም ስሕተት ልጅ ሊሞት ይችላል።

ፈረንጆቹስ የፈቀዱት ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የተፈቀደው ኤፒዲዮሌክስ የሚባል የሚጠጣ ፈሳሽ ነው። ውስጡ ያለው ከተክሉ ተለይቶ የተጣራ ካናቢዲዮል ነው እንጂ የሚያሰክረው ቲኤችሲ አይደለም። መጀመሪያ የተፈቀደውም ሌኖክስ ጋስቶና ድራቬ ለሚባሉ፣ በልጅነት ለሚጀምሩ ከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ብቻ ነበር። አሰጣጡን ተመልከቱ፦ ልጁ ይመዘናል፤ በኪሎ 2.5 ሚሊ ግራም፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይጀመራል። 12 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ጠዋት 30፣ ማታ 30 ሚሊ ግራም መሆኑ ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ስላለ በሲሪንጅ 0.3 ሚሊ ሊትር ይቀዳል። አስቀድሞ የጉበት ምርመራ ይደረጋል፤ በተለይ ቫልፕሮኤት የሚባለውን ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ጉበቱ ሊጎዳ ይችላል። አሁን ንገሩን፦ በእፍኝ ቅጠል ውስጥ ስንት ሚሊ ግራም አለ? ማን መዘነው?

ቀቅሎ ማጠጣቱም ከንቱ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮች በስብ እንጂ በውኃ በደንብ አይሟሙም። በቅቤ የተነጠረ እንደሆነ ደግሞ በብዛት ይወጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚበዛውም ቲኤችሲ ነው። የተበላ ካናቢስ እስኪሠራ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ «አልያዘውም» ብሎ የሚደግም ሰው ልጁን ራሱን እስኪስት ያደርሰዋል። ለጎረምሶችም እንነግራለን፦ በዚያ ዕድሜ ደጋግሞ ማጨስ ለአእምሮ ሕመም የመጋለጥ ዕድልን ይጨምራል፤ በቤተሰቡ እንዲህ ያለ ሕመም ላለበት ደግሞ የባሰ ነው።

«የተባበሩት መንግሥታት ፈቅዶታል» የምትሉም አላችሁ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በ27 ድጋፍ፣ በ25 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተአቅቦ የተወሰነው ካናቢስን ከ1961ዱ የአደንዛዥ ዕፆች ስምምነት 4ኛ ሠንጠረዥ፣ ማለትም እጅግ አደገኛ የተባሉት ከሚዘረዘሩበት፣ ማውጣት ብቻ ነው። ሞርፊን ባለበት በ1ኛው ሠንጠረዥ ውስጥ በቁጥጥር ሥር እንዳለ ቀርቷል። በአገራችንም የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ማብቀሉንም መሸጡንም ይቀጣል።

«ከዚህ ተክል ምንም መድኃኒት አይወጣም» ብላችሁ የምትሳደቡትም እውነት አልያዛችሁም። በካንሰር ሕክምና ለሚመጣ ትውከት ድሮናቢኖልና ናቢሎን የሚባሉ፣ የተክሉን ቲኤችሲ አስመስለው በፋብሪካ የሚሠሩ መድኃኒቶች እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ በአሜሪካ ተፈቅደዋል። ካንሰሩን ግን አያድኑም። ይህን ሳትለዩ ስትጯጯሁ የታማሚው እናት ማንን ትስማ?

ለእርሷ የሚጠቅማት በጤና ጣቢያ ያለው ፌኖባርቢታል የሚባለው የሚጥል በሽታ ክኒን ነው። ለአዋቂ በአብዛኛው ማታ ማታ 60 ሚሊ ግራም ይጀመራል፤ የልጅ መጠን በኪሎ ይሰላል። ሙሉ ኃይሉን ለማሳየት ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይፈጅበታል። በአራተኛው ቀን «አልሠራም» ብላችሁ አትጣሉት። በድንገት ማቋረጥ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ፣ ሊገድልም ይችላል። መቆም ካለበት ሐኪም በሳምንታትና በወራት እየቀነሰ ያቆመዋል። ጻድቃኔ ማርያም ስትሄዱም ክኒኑን ይዛችሁ ሂዱ፤ ጸበሉንም ጠጡ፣ ክኒኑንም ዋጡ።

ሲጥለው ክብሪት አታሽትቱት፣ በአፉ ምንም አትክተቱ፣ አትጫኑት። ከእሳትና ከድንጋይ አርቁት፣ በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ያዙ፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሕክምና አድርሱት። ክኒኑ ሊያልቅ 10 ቀን ሲቀረው አዲስ አውጡ፤ በክረምት መንገድ በሚቆረጥበት ቀበሌ ያላችሁ ደግሞ የሁለት ወሩን ባንድ ጊዜ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ።