ማጨሻውም አውሮፕላን ነው

ሰሞኑን ደሴ ላይ በነበረ የቅርስ ውይይት፣ ከአውሮፕላን ስብርባሪ የተሠሩ አሮጌ ዕቃዎችን የሚሰበስቡ ልጆች አንድ ጥያቄ አቅርበው ነበር። ስብስባችን ይመዝገብልን ነው ያሉት። መድረክ ላይ የነበሩት ኃላፊ ግን ቅርጹን የቀየረ ዕቃ ቅርስ እንደማይባል፣ ይሄ የቁራሌው ጉዳይ እንደሆነ ተናገሩ። አዳራሹ ሳቀ። ውይይቱም ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፈ።

እኔ ግን አላለፍኩም።

ቅርጹን ቀየረ! እና ምን ይሁን? በየገጠሩ ቤተ ክርስቲያን የተሰቀለው የመድፍ ቀለህ እኮ ዛሬ ደወል ነው። ኃላፊው መሰላል ይዘው ይሂዱና «መድፍ አይደለህም፣ ውረድ» ይበሉት እንግዲህ። ሕግ ከተባለም የቅርስ አዋጁ 209/1992 ቅርስን ሲተረጉም የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት ይላል፤ የዕደ ጥበብ ዋጋንም ይጠቅሳል። ከፋብሪካ እንደወጣ የቆየ ዕቃ ብቻ አላለም። አዋጁን ያላነበበ ሰው የቅርስ መድረክ ሲመራ ነው የሚያናድደኝ።

አንድ ወዳጄ ቤት ያለ ትሪ ልንገራችሁ። በሁለት ጣት ይነሳል። ጠርዙ ላይ የሪቬት፣ ማለትም የአውሮፕላን ቆርቆሮ የሚያያዝበት ምስማር፣ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። ከሥሩ ፋብሪካው የመታው ቁጥር ግማሹ አለ፣ ግማሹን መሮው በልቶታል። አያቱ ለዱዓ ቡና ሲያፈሉ ሲኒ የሚደረድሩት እሱ ላይ ነው። ቤተሰቡ ከጣሊያን አውሮፕላን ነው ይላሉ። እኔም አምናለሁ።

ደሴ እኮ ኅዳር 26 ቀን 1928 ከሰማይ ቦምብ የወረደባት ከተማ ናት። ንጉሡ ራሳቸው ፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ላይ ቆመው ተኩሰዋል። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ አልተማረም። ይህን ያየ ሕዝብ ያንኑ ብረት አግኝቶ፣ ቆርጦ፣ በመዶሻ አቅንቶ ቡና ሲያቀርብበት ምን ማለት ነው? ስለ አውሮፕላኖቹ ብዙ ተጽፏል። ስማቸውም ፎቷቸውም በየመጽሐፉ አለ። ቆርቆሮውን ማን ቆረጠው? ለምን ትሪ አደረገው? ከዚያ ሰማይ የመጣን ነገር ቤት ሲያስገባ ሚስቱ ምን አለችው? ይሄ የትም አልተጻፈም። ያለው ትሪው ላይ ብቻ ነው። ቀጥቃጩ የቀየረው ቅርጽ ነው ታሪኩ! ኃላፊው ጉድለት ያሉት ዋናውን ነገር ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራችው «ፀሐይ» አውሮፕላን በ2016 ከጣሊያን ስትመለስ ጭብጨባው ሌላ ነበር። ሙሉ አውሮፕላን ሲሆን ቅርስ፣ ድሃ ቤት የገባ ቁራጭ ሲሆን ቆሻሻ።

ደግሞ ሁሉም የጦርነት ዕቃ አይደለም። ከልጆቹ አንዱ ዲሲ-3 ከሚባል የመንገደኛ አውሮፕላን ሞተር ፒስተን የተሠራ የዕጣን ማጨሻ አለው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ሥራ የጀመረው በዚሁ አውሮፕላን ወታደራዊ ዓይነት ነው። አንዱ ሞተር 14 ፒስተን ስላለው ማጨሻ ለሚወድ ሰው እጥረት የለም።

ውጭ አገር ቢሆን ይሄ ሁሉ ተከብሮ ይሸጣል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዞች የእንጨት ፕሮፔለር መሀሉን ቆርጠው፣ ሰዓት ገጥመውበት ሳሎናቸው አስቀመጡ። ዛሬ ሰብሳቢ ይሻማበታል። አቪዬሽንታግ የሚባል የጀርመን ድርጅት ጡረታ የወጣ አውሮፕላን ቆዳ እየቆረጠ፣ ቁጥር እየሰጠ ይቸበችባል። ቁራሌው ጀርመን ሲሆን ብራንድ፣ ደሴ ሲሆን ሳቅ።

እሺ፣ ፎርጅድ አለ። ተራ አሉሚኒየም በስቶ «የጣሊያን ነው» የሚል ነጋዴ አይጠፋም። ታዲያ ማን ይለየው? መዝጋቢ የሚያስፈልገው ለዚሁ አይደል?

የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ያሉም አሉ። ልጆቹ ባይጫወቱ ኖሮ ይሄ ሁሉ ቀልጦ ነበር። የቀለጠ ደግሞ ቁጥርም ቀዳዳም የለውም፤ ምንም አይናገርም።

የተጠየቀው ሙዚየም አይደለም፣ ደብተር ነው። ዕቃው ምንድን ነው፣ ከየት መጣ፣ ማን ሠራው። አንድ ሠራተኛ ባለቤቶቹ ቤት ሄዶ ይጠይቅ። የወዳጄ አያት ትሪውን የቆረጠውን ሰው በስም ያውቁታል። ዘጠናን አልፈዋል፤ የሚቀጥለውን በጀት ዓመት ዕቅድ ቁጭ ብለው አይጠብቁም።