ዕድሜ ለኩርባ ላይ ፎቶ አንሺዎች

መጸው ገብቶ የተራራው ደን ቢጫና ቀይ ሲሆን፣ ለሌላው ሰው እጅግ የሚያስብ አንድ ዓይነት መንገደኛ ከያለበት ይነሣል። ከተራራው ማዶ ባለች ትንሽ ከተማ «ማንም የማያውቃት» ምግብ ቤት አለችው። ማንም እንዳያውቃትም ለሚያውቀው ሰው ሁሉ ነግሯል፤ ካርታውን ጭምር ልኳል። እንዲህ ያለ ምስጢር ጠባቂ ከየት ይገኛል?

በመንገዱ ልጀምር። እኛ ፈሪዎቹ መኪና ለማቆም ሰፋ ያለ ቦታ እንፈልጋለን። እሱ ግን በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላ በኩል ዐለት፣ ከፊት ማን እንደሚመጣ የማይታይበት ኩርባ ሲያገኝ ነው ልቡ የሚያርፈው። ቀጥ ያደርግና አራቱንም ፍሬቻ ያበራል። አራት ፍሬቻ ያበራች መኪና የትም ብትቆም ጥፋት እንደሌለባት የሚደነግገውን ሕግ ራሱ አውጥቶ ራሱ አጽድቆታል። በሩ በመንገዱ በኩል ይከፈታል፤ ልጆቹ መስመሩ ላይ ይደረደራሉ፤ እናታቸው ትንሽ ወደ ኋላ፣ አሁንም ትንሽ ወደ ኋላ ትባላለች። ዳገቱን እያቃሰተ የሚመጣው አውቶቡስ ከኋላቸው ፍሬን ይዞ ቀጥ ይላል። ሰው የሞላ አውቶቡስ ዳገት ላይ አንዴ ከቆመ መልሶ ለመነሣት ምን እንደሚያይ የሚያውቀው ሾፌሩ ነው፤ ያውም ከጎማው ሥር የረገፈ ቅጠል ርሶ እንደ ሳሙና እያንሸራተተ። ሾፌሩ ጡሩምባ ቢነፋ ግን ነውር ነው። ተፈጥሮን መውደድ ያልፈጠረበት ሰው!

ዛፉን ማየት የሌሎች ሥራ ነው። ቀኑ ሲያጥር ዛፍ ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገውን ክሎሮፊል መተካት ይተዋል፤ ሥር ሥሩን ተሸፍኖ የከረመው ቢጫም ያን ጊዜ ብቅ ይላል። ቀዩ በአብዛኛው በዚያው ሰሞን አዲስ የሚሠራ ነው፤ ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ውርጭ ሳይመታው ቀዝቃዛ ሲሆን ይደምቃል። እንግዲህ ዛፉ ለዚህ ሁሉ ሳምንታት ይፈጅበታል። የእኛ ሰው ስልኩን አንዴ ዳሰስ አድርጎ ከዛፉ የባሰ ቀይ ያወጣል።

ደግሞም ብቻውን አይደለም፤ ወንድሞቹ በዓለም ዙሪያ አሉ። ጃፓን ውስጥ ኒኮ አጠገብ ኢሮሃዛካ የሚባል የተራራ መንገድ አለ። 48 ኩርባዎች አሉት፤ መውጫው ሌላ፣ መውረጃው ሌላ ነው። ለየኩርባው አንዳንድ የጃፓን ፊደል በጥንቱ ቅደም ተከተል ተሰጥቶታል። በመጸው የመኪናው ሰልፍ ከመርዘሙ የተነሣ፣ ከዚያ በፊት ፊደል ያልቆጠረ ሰው ቢኖር እዚያ ቆጥሮ ይመለሳል። መንግሥታት ለትምህርት ይህን ያህል በጀት ለምን እንደሚያወጡ አይገባኝም።

ለምሳ ተብሎ ተራራ መሻገር መቼም ትልቅ ቁም ነገር ነው። ይህን ቁም ነገር ካስፋፉልን መካከል ጎማ ሻጮች ይገኙበታል። የሚሼሊን ወንድማማቾች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1900 የመንገደኛ መምሪያቸውን በፈረንሳይ በነጻ ሲያድሉ፣ ባለ መኪናው ብዙ ይንዳ፣ ብዙ ሲነዳም ጎማው ይለቅ ከሚል ደግነት ነበር። የምግብ ቤት ኮከብ ማደል የጀመሩት በ1926 ነው፤ ከዓመታት በኋላም ሦስት ኮከብ ማለት ለእሷ ብቻ ተብሎ መንገድ ቢኬድላት የማያስቆጭ ቤት ማለት ሆነ። የእነሱ ሰዎች ማንነታቸውን ደብቀው፣ በልተው፣ ከፍለው ይወጣሉ። የእኛ ጀግና መደበቅ አይወድም። ገና ከበሩ «እዚህ እኮ ደንበኛ ነኝ» ይላል፤ ባለቤቲቱ ለማስታወስ የምትችለውን ሁሉ ታደርጋለች።

በሩ ላይ ወረፋ አለ። የተሰለፉት እሱ የላከውን ካርታ ይዘው የመጡ ናቸው፤ ይህን ለመጠርጠር ግን ልቡ እጅግ ንጹሕ ነው። ወንበር ካገኘ በኋላ ደግሞ ድስቱ ይዘገይበታል። ውሃ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ 2,000 ሜትር ላይ ግን ገና 93 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይንተከተካል፤ ስለዚህ በተራራ ላይ የሚቀቀል ነገር ጊዜ ይፈልጋል። ባለቤቲቱ ይህን በሳይንስ ባትለውም በእጇ ታውቀዋለች። እሱም ጊዜውን በከንቱ አያባክንም፤ «አገልግሎት፦ አዝጋሚ» ብሎ ይጽፋል፣ አንድ ኮከብ ይሰጣል። ምግቡ ሲመጣ ያ የጠፋው ትዕግሥት ሁሉ ተመልሶ ይመጣል። ሳህኑ ወደ መስኮቱ ይጠጋል፤ ሰውዬው ወንበር ላይ ይወጣል፤ የአጎራባቹ ጠረጴዛ መብራት እንዲይዝ ይለመናል። ማንኪያ ያነሣ ልጅ እጁን ይመታል። ሲጀመር ሾርባው በርዷል፤ ይህም ቢሆን አልታለፈም፣ በአስተያየቱ ላይ ተጨምሯል።

ሲመለስ ቁልቁለቱን ከላይ እስከ ታች ፍሬን ረግጦ ይወርደዋል። በከባድ ማርሽ መውረድ፣ ሞተሩ ራሱ መኪናዋን እንዲይዛት መተው የድሮ ሰው ነገር ነው። ከኩርባ ኩርባ የተቃጠለ ነገር ይሸታል፤ የእሱ ግምት አካባቢው ቅጠል እያቃጠለ ነው የሚል ነው፤ «ይሄን ሽታ እኮ ነው የምወደው» ይላል። ጭሱ ከራሱ ጎማ ሲወጣ ሲያይ፣ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጎ ይቆማል። የታሸገ ውሃውን የጋለው ፍሬን ላይ ሊደፋ ሲል አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ደርሶ እጁን ይይዘዋል፤ ይሰነጠቃል፣ ዝም ብለህ አብርደው ይለዋል። ከጎማው ሥር ድንጋይ ያስገባለታል፣ ቁልቁለት እንዴት እንደሚወረድ በትህትና ያስረዳዋል፣ እስኪበርድም አብሮት ይቆያል።

ማታ ላይ ብዙ ፎቶ ወጣ፤ ቅጠሉ፣ ሾርባው፣ ገደሉ፣ የመኪናዋ ጭስ ሳይቀር። የሾፌሩ የለም። ብርሃኑ አልተመቸም ነበር።