ቦሎ ሲታደስ ኤርባጉንስ ማን ያየዋል?

ቦሎ ለማደስ የሚሄድ ሰው የሚጨነቅበት ነገር ይታወቃል። ፍሬኑ ይይዛል? የፊት መብራቱ ይበራል? ጎማው አልተላጠም? ጭሱስ? እሳት ማጥፊያ ከጎረቤት የሚዋስም አይጠፋም። ስለ ኤርባግ ሲጨነቅ ያየሁት ሰው ግን የለም። መሪው ውስጥ ተቀምጧል፤ ምናልባት አንድ ቀን ያስፈልግ ይሆናል፤ በቃ።

አሁን ግን ጉዳዩ መነሳት ያለበት ይመስለኛል። መኪኖቻችን እያረጁ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ ዛሬ መንገድ ላይ ያለው ኮሮላና ቪትዝ ገና ብዙ ዓመት ይነዳል። ብዙዎቹ ደግሞ እኛ ጋ ከመምጣታቸው በፊት ጃፓን ወይም የባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ ሲነዱ የኖሩ ናቸው።

ታዲያ የአሮጌ መኪና ኤርባግ በየጊዜው ይፈተሽ ወይ? እኔ ይፈተሽ ባይ ነኝ። ግን መፍቻ ይዞ መሪ በመፍታት አይደለም።

መጀመሪያ ይህ ነገር እንዴት እንደሚሠራ እንይ። መኪናው ሲጋጭ ሴንሰሮቹ ያውቁና ወደ ማቀጣጠያው ኤሌክትሪክ ይላካል። ማቀጣጠያው በውስጡ፣ በብረት ቆርቆሮ የታሸገውን ኬሚካል ያነደዋል። ከዚያ የሚወጣው ጋዝ ጨርቁን ይነፋዋል። ሁሉም ነገር ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ባልሞላ ጊዜ ያልቃል። በአጭሩ ደረታችን ፊት ለፊት ትንሽ ፈንጂ ተቀምጣለች ማለት ነው። በትክክል ከነደደች ሕይወት ታተርፋለች።

በትክክል ካልነደደችስ? ይህን ዓለም የተማረው ከጃፓኑ ታካታ ኩባንያ ነው። ታካታ ለማቀጣጠያው አሞኒየም ናይትሬት ይጠቀም ነበር። ይህ ኬሚካል ሙቀትና እርጥበት ለዓመታት ሲፈራረቁበት ይበላሻል። ሲበላሽ ደግሞ ከሚገባው በላይ በፍጥነት ይነድዳል። ግፊቱን ያልቻለው የብረት ቆርቆሮ ይፈነዳና ስብርባሪው ወደ ሹፌሩ ፊትና አንገት ይወረወራል። በቀላል ግጭት፣ ሰው ምንም ሳይሆን በሚወጣበት ግጭት፣ የሞቱ አሉ። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ቢያንስ 28 ሰዎች በዚህ ሞተዋል። እዚያ ይቀየሩ የተባሉት ማቀጣጠያዎች 67 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ2017 ከሰረ።

እዚህ ላይ ዕድሜ ትልቅ ነገር ነው። መኪናው አዲስ ሳለ ችግሩ አይታይም። አደጋው የሚጨምረው ዓመት በተቆጠረ ቁጥር ነው፤ በተለይ በሞቃትና እርጥበታማ ቦታ። አሜሪካኖቹም ቅድሚያ የሰጡት እንደ ፍሎሪዳና ሃዋይ ላሉ አካባቢዎች ነበር። «አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ናት፣ እኛን አይመለከተንም» የሚል ካለ፣ መኪናው ከዚህ በፊት የት ነበር ብሎ ይጠይቅ። ዱባይ ፀሐይ ላይ ስንት በጋ ቆማ የመጣች መኪና ያንን ሁሉ ይዛው ነው የመጣችው። ጋምቤላ የሚነዳውማ ሙቀቱንም እርጥበቱንም እዚያው ያገኘዋል።

ወደ ፍተሻው እንምጣ። ቁልፍ ሲዞር ዳሽቦርዱ ላይ የተቀመጠ ሰው ምስል ያለባት፣ ከፊቱ ክብ ኳስ የመሰለ ነገር ያላት መብራት ትበራለች። አንዳንዱ ላይ ኤስአርኤስ ተብሎ ይጻፋል። ለጥቂት ሰከንዶች በርታ መጥፋት አለባት። ካልጠፋች ችግር አለ፤ ኤርባጉ በግጭት ጊዜ ላይነፋ ይችላል። ጭራሽ ካልበራች ደግሞ የባሰ ነው። አንድ ሰው አምፖሏን ነቅሎ ሊሆን ይችላል። መኪናው ከዚህ በፊት ተጋጭቶ፣ ኤርባጉ ወጥቶ፣ ሳይተካ ሽፋኑ ብቻ ተለጥፎ ተሽጦ ሊሆን ይችላል። ባዶ መሪ ይዘው «ሙሉ ነው» ተብለው የሚሸጡ መኪኖች አሉ። ገዢው የሚያውቀው በሚጋጭበት ቀን ነው።

ይህቺን መብራት ማየት ደቂቃ አይፈጅም፤ መሣሪያም አይፈልግም። እንግሊዞች በዓመታዊ ምርመራቸው ያዩዋታል፤ የብልሽት ምልክት ካሳየች መኪናው ይወድቃል። እኛ ጋ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ግን መብራቷ የማትነግረን ነገር አለ። ዋናው ነጥብም እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ የሚያየው ሽቦው መገናኘቱን ነው። ኬሚካሉ መበላሸቱን አያውቅም። ምጣዱ ሶኬት ላይ መሰካቱን እንጂ እንጀራው መብሰሉን አያይም እንደማለት ነው። የታካታ ማቀጣጠያ ያለበት መኪና መብራቷ በሥርዓቱ በርታ፣ በሥርዓቱ ጠፍታ፣ በግጭት ቀን ግን ሊፈነዳ ይችላል።

ይህን የሚነግረን የሻንሲ ቁጥሩ ብቻ ነው። አምራቾቹ የትኛው መኪና ላይ የትኛው ማቀጣጠያ እንደተገጠመ በቁጥሩ ያውቃሉ። ቶዮታ እንኳ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ለ50 ሺህ ያህል መኪኖች ባለቤቶች «ሳታሠሩት አትንዱት» ብሏል። ከነሱ ውስጥ የ2003 እና የ2004 ኮሮላ፣ የ2004 እና የ2005 ራቭፎር ነበሩ። እነዚህ እኛ መንደር እንግዳ መኪኖች አይደሉም።

አሜሪካ ያላችሁ አሮጌ ኮሮላ የምትነዱ ወገኖች፣ ነገሩ ለናንተ ቀላል ነው። ባለ 17 አኃዙን ቁጥር የመንግሥቱ የትራፊክ ደህንነት ድረ ገጽ ላይ ማስገባት ብቻ ነው። ጥሪ ካለበት፣ ማለትም አምራቹ «አምጡትና ይቀየር» ያለው ከሆነ፣ በነፃ ይቀየራል።

አዲስ አበባ ላለው ግን ይወሳሰባል። ከጃፓን ገበያ በቀጥታ የመጣች ቪትዝ ባለ 17 አኃዝ ቁጥር የላትም። አጭር ነው፤ ኬኤስፒ90 ወይም ኤስሲፒ10 ብሎ ጀምሮ ሰረዝና ጥቂት አኃዞች። ያንን የአሜሪካው ድረ ገጽ አያውቀውም። የሚያውቀው የቶዮታ የጃፓን ገጽ ነው፤ እሱም በጃፓንኛ ነው። የዱባዩ መኪና ደግሞ በሌላ ዝርዝር ውስጥ ነው። ለአንድ ተራ ባለመኪና ይሄ ሁሉ ጣጣ ነው። ለአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን አይደለም።

ጃፓን ራሷ ምን አደረገች? እ.ኤ.አ. ከሜይ 2018 ጀምሮ አደገኛ የተባለውን የታካታ ኤርባግ ያላስቀየረ መኪና በየጊዜው በሚደረገው የመኪና ምርመራ እንዳያልፍ አደረገች። ማንም መሪ አልፈታም። ቁጥሩን ማየት ብቻ በቂ ነበር።

መፍታቱን የምፈራው በምክንያት ነው። «ኤርባግ ይፈተሽ» የሚል መመሪያ ነገ ቢወጣ፣ ከነገ ወዲያ በየሰፈሩ የኤርባግ ፈታሽ ነኝ ባይ ይሞላል። ባትሪው ከተነቀለ በኋላ እንኳ ኮምፒውተሩ ውስጥ የቀረ ኤሌክትሪክ አለ፤ መጠበቅ ያስፈልጋል። በተራ ቴስተር ማቀጣጠያውን የሚለካ መካኒክ እጁ ላይ ሊያፈነዳው ይችላል። ደግሞስ ፈትቶ ምን ያያል? ኬሚካሉ ታሽጓል። ከፈራረሰ መኪና የወጣ ኤርባግ ገዝቶ መተካትም መፍትሔ አይደለም። እሱ ራሱ ከየት እንደመጣ ማን ያውቃል? የአሜሪካው የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 ስለ ርካሽና ጥራት የሌላቸው ተተኪ ማቀጣጠያዎች ያስጠነቀቀው ሰው ሞቶባቸው ነው።

በነገራችን ላይ ዳሽቦርድ ላይ የምናነጥፈው ጸጉራም ምንጣፍ፣ በላዩ የምንደረድረው ጌጥና ባንዲራ፣ ብዙ መኪኖች ላይ የተሳፋሪው ኤርባግ የሚወጣበት ቦታ ላይ ነው። መርማሪው እሱን አንሱ ቢል ራሱ አንድ ነገር ነው። ቀበቶ ላላሰረ ሰው ደግሞ ኤርባጉ ራሱ ሊጎዳው እንደሚችል ይታወቅ።

የሚቀርብብኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «መለዋወጫ በሌለበት አገር መኪና ልታስቆም ነው?» ትክክል ነው፤ በዚያች መኪና ራይድ ሠርቶ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው አለ። ስለዚህ ሁለቱን እለያቸዋለሁ። መብራቷ ብልሽት ካሳየች ወይም ተነቅላ ከተገኘች መኪናዋ ትውደቅ፤ ያ የባለቤቱ ጉዳይ ነው። ቁጥሯ ጥሪ ዝርዝር ውስጥ ከተገኘ ግን ጥፋቱ የባለቤቱ አይደለም። ቦሎው ይሰጠው፣ ግን በጽሑፍ ይነገረው። የተሳፋሪው ወገን ከሆነ ከፊት ሰው አያስቀምጥ። ቶዮታ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ መለዋወጫ ባጠረው ጊዜ የተሳፋሪውን ኤርባግ አጥፍቶ «እዚህ አትቀመጡ» የሚል ማስታወቂያ እስከመለጠፍ ደርሶ ነበር። የሹፌሩ ወገን ከሆነ ግን እንዲህ ያለ ማምለጫ የለም፤ ለነዚህ መለዋወጫው በቅድሚያ መፈለግ አለበት።

ይህን ለማድረግ አዲስ ማሽን መግዛት አያስፈልግም። የሻንሲ ቁጥሩ ሊብሬው ላይ አለ። ፈቃድ ሰጪዎቹ መሥሪያ ቤቶችም መዝግበውታል። የጎደለው ዝርዝሩን ከአምራቾቹና ከጃፓን መንግሥት ጠይቆ ከመዝገቡ ጋር ማመሳከር ነው። ስንት መኪና እንደሚገኝ ሲታወቅ ነው ስለ መለዋወጫው፣ ስለ ቀረጡና ማን ይክፈል ስለሚለው መነጋገር የምንችለው።