ላብ ስብ አይደለም፣ ላስቲኩን አውልቁት

«አዳማ ሙቀቷ ያግዛል፤ ከቱታ ስር ላስቲክ ጠቅልሎ በቀትር የሮጠ ሰው ቦርጩ ቶሎ ይቀልጣል» የሚል ምክር እዚህ አስተያየቶች ላይ ተደጋግሞ አየሁ። በቅንነት እንደተባለ አምናለሁ፤ ግን ልክ አይደለም።

ላብ በአብዛኛው ውሃ ነው፣ ጥቂት ጨው አለበት። ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ከቆዳ ላይ ሲተን ነው፤ ላስቲኩ ግን ትነቱን ስለሚያግድ ሙቀቱ ውስጥ ይታመቃል። በሩጫው 1 ኪሎ ቀነሰ ማለት 1 ሊትር ገደማ ውሃ ወጣ ማለት ነው። ለማረጋገጥ ከሩጫ በፊትና በኋላ፣ ላባችሁን አድርቃችሁ ተመዘኑ። ጠጥታችሁ፣ በልታችሁ በማግስቱ ጠዋት ስትመዘኑ ያ ኪሎ ተመልሷል።

እባካችሁ ጉዳቱን አትናቁት። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከመጣ አቁሙ፤ ጥላ ውስጥ ገብታችሁ ልብስ ቀንሱ፣ ውሃ ጠጡ። የሚቀባጥር ወይም ራሱን የሳተ ሰው ካለ በአፉ ምንም አትስጡት፤ ሰውነቱን በቀዝቃዛ ውሃ እያራሳችሁና እያራገባችሁ ቶሎ ሐኪም ቤት አድርሱት።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ በስስ ካናቴራ፣ እያወራችሁ ግን መዝፈን በሚያቅታችሁ ፍጥነት 30 ደቂቃ ተራመዱ፤ በሳምንት 5 ቀን። ከምግብ ልክ ጋር ስብ የሚቀንሰው ይህ ነው፣ እንቅልፍንና ስሜትንም ያግዛል።