ጎማ የሌለው አይራብም

ሰሞኑን የገጠመኝ ለእናንተ አዲስ አይደለም። ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ኑሩ አሌክሳንድሪያ፣ የማታ ሺፍት ሠርቶ በአውቶቡስ የሚመለስ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። እኩለ ሌሊት አልፏል። አውቶቡሱ አምልጦኛል፣ የሚቀጥለው ገና ነው። ከፌርማታው ማዶ አንድ የበርገር ቤት አለ። በሩ ተቆልፏል፣ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል። በጎን በኩል ያለው የድራይቭ ስሩ መስኮት፣ ሰው ከመኪናው ሳይወርድ የሚገዛበት ማለት ነው፣ ግን ክፍት ነው። መኪኖች ተሰልፈዋል። እኔም ተሰለፍኩ። ከፊቴ ቤት የሚያክል ፒክአፕ፣ ከኋላዬ ነጭ ሴዳን፣ መሀል ላይ እኔ።

ተራዬ ደረሰ። ልጅቷ መስኮቱን ገፋ አድርጋ አንገቷን አወጣች። ፊቴን አየት አደረገችና በአማርኛ፣ "ወንድሜ፣ መኪናህስ?" አለችኝ። የለኝም አልኳት። "ይቅርታ፣ ያለ መኪና አንሸጥም።" ከዚያ ድምጿን ቀነስ አድርጋ "ካሜራ አለ" አለችና ዘጋችው። ድንቹ እጄን ብዘረጋ የምደርስበት ቦታ ላይ ነው። ከኋላዬ ያለው ክላክስ አደረገ።

መጀመሪያ ከፋኝ። ፌርማታው ላይ ቆሜ ሳስበው ግን የሕጉ ጥልቀት ገባኝ። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ለማመስገን ነው። ሐበሻ ማማረር እንጂ ማመስገን አያውቅም ይባል የለ?

እስቲ አስቡት። ሌሊት የሚራበው ማነው? መኪና ያለው ነው። ወንበሩ ከሥሩ እየሞቀለት፣ ሙዚቃ እያዳመጠ መሪ ማዞር ቀላል ጉልበት አይጨርስም። የሆቴል ክፍል ሲያጸዳ ያመሸ፣ ሻንጣ ሲሸከም ያመሸ፣ በር ላይ ቆሞ ያመሸ ሰው ምን ሆንኩ ይላል? ቤቱ ይሂድና እንጀራውን ያሙቅ። ጨውና ዘይት ለእግረኛ ጥሩ አይደለም። የገዛ ሐኪሜ እንኳ ለጤናዬ ይህን ያህል አስቦ አያውቅም።

ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ዝግጁ ነው። "ለደህንነትህ።" መኪና ሊገጭህ ይችላል። እውነት ነው፣ ይችላል። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ኩርባው አያሳይም፣ የሾፌሩም አንድ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። ስለዚህ ሁለታችን እኩል ብንመጣ ገጪው ይስተናገዳል፣ ተገጪው ይባረራል። ከዚህ በላይ ፍትሕ ከየት ይመጣል? እርግጥ በሩ አጠገብ ለእግረኛ አንዲት ትንሽ መስኮት መክፈት ይቻል ነበር። መሬቱ ላይ ነጭ መስመር ማስመርም ይቻል ነበር። ግን ቀለም ውድ ነው።

ዘራፊ ይመጣል የሚሉም አሉ። ይሄም ልክ ነው። ገንዘብ ነጥቆ፣ መንገድ ተሻግሮ፣ ፌርማታ ላይ ቁጭ ብሎ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሌባ እጅግ አደገኛ ነው። መኪና ያለው ሌባ ጨዋ ነው። ወረፋውን ይጠብቃል፣ ሞተሩንም አያጠፋም።

ይሄም ካላሳመናችሁ ኢንሹራንስ ይጠራል። "ኢንሹራንሳችን አይፈቅድም።" ወረቀቱን አየሁ የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ልጅ ሆነን አልተኛም ስንል ጭራቅ መጣ ይሉን እንደነበረው፣ ለአዋቂ ደግሞ ኢንሹራንስ መጣ ይባላል። ወዲያው ጸጥ እንላለን።

ማሽኑም ከሕጉ ጋር ተስማምቷል። አስፋልቱ ሥር ሽቦ ተቀብሯል። መኪና ሲቆምበት ሽቦው ብረቱን ያውቅና ውስጥ ያሉት ሠራተኞች ጆሮ ላይ ጢጥ ይላል። ሰዓትም መቁጠር ይጀምራል፣ ምክንያቱም ማናጀሩ እያንዳንዱ መኪና በስንት ሴኮንድ እንደተሸኘ ይጠየቃል። እኔ ስቆም ሽቦው ዝም። ሰዓቱም ዝም። ማይኩ ላይ ብጮህም የለሁም። ለሚቀጥለው ጊዜ ቡና የምንቆላበትን ብረት ምጣድ ተሸክሜ ልሄድ አስቤ ነበር። የሚያውቅ ሰው ስጠይቅ አይበቃም አለኝ።

ታሪኩም ቢሆን የሚያኮራ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ባልድዊን ፓርክ በምትባል ከተማ፣ ሰው ከመኪናው ሳይወርድ በማይክ የሚያዝበት የበርገር ቤት እ.ኤ.አ. በ1948 ተከፈተ። ማክዶናልድስ የራሱን የመጀመሪያ መስኮት የከፈተው ደግሞ በ1975 አሪዞና ውስጥ፣ ሴራ ቪስታ ላይ ነው። ምክንያቱን ስሙ። አጠገቡ ፎርት ዋቹካ የሚባል የጦር ሰፈር አለ። የሰፈሩ ወታደሮች የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው ከሰፈር ውጭ ከመኪና መውረድ አይፈቀድላቸውም ነበር። መውረድ ለተከለከለ ሰው ግድግዳ ተበስቶ መስኮት ተሠራለት። ያኔ የሰው ችግር ታይቶ ግድግዳ ይበሳ ነበር ማለት ነው። ደግነቱ ያ ዘመን አልፏል።

ቢሆንም ሐበሻ በቀላሉ እጅ አይሰጥም። መፍትሔውን አባቶቻችን ትተውልናል። እድር! ድንኳን፣ ብረት ድስትና አግዳሚ ወንበር በጋራ ገዝተን ቀብር ከቻልን፣ አንድ መኪና በጋራ ገዝተን በርገር እንዴት ያቅተናል? "የመስኮት መረዳጃ እድር" እንመሥርት። መኪናዋ አሮጌ ኮሮላ ትሁን። ሞተር አያስፈልጋትም። ሕጉ መኪና ይላል እንጂ የሚነሳ መኪና አይልም። አራት አባል ከኋላ ይገፋል፣ አንድ ተረኛ መሪ ይይዛል። ማዘዝ የሚችለው መሪ የያዘው ብቻ ነው። የሚገፉት እግረኞች ስለሆኑ በሕጉ መሠረት አይርባቸውም።

ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣሉ። ጡሩምባ ነፊም አይቀርም። እኩለ ሌሊት ሲሆን በየአፓርታማው ሥር እየዞረ "የእድር ልጆች፣ መስኮት ተከፍቷልና ለግፊት ውጡ!" ይላል። ጥሪ ሰምቶ የቀረ ይቀጣል። ቅጣቱን በድንች መክፈል ይቻላል። ያለ ፈቃድ ካቻፕ የወሰደ አባል ጉዳዩ በጠቅላላ ጉባኤ ይታያል። ከኋላ ወንበር ማን ይቀመጥ የሚለው በዕድሜ ይወሰናል። ዕድሜውን የሚደብቅ አባል ይገፋል።

ሁዳዴ ሲገባ ጣጣ ይመጣል። ድንቹ የጾም ነው ወይስ አይደለም? ዶሮ የተጠበሰበት ዘይት ነው የሚል ወገን ይነሳል። የለም፣ የድንቹ መጥበሻ ለብቻው ነው የሚልም ይነሳል። አጣሪ ኮሚቴ ይቋቋማል። ኮሚቴው ሊያጣራ ወደ መስኮቱ ይሄዳል። በእግሩ ስለሄደ አይስተናገድም። "መረጃ ማግኘት አልተቻለም" የሚል ሪፖርት ይቀርባል፣ በጭብጨባ ይጸድቃል።

ከዚያ እንደ ልማዳችን እድሩ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን መኪናዋን ይይዛል፣ ሌላው ቁልፏን። ቁልፍ የያዘው "ሕጋዊው እድር እኛ ነን" ብሎ ማኅተም ያስቀርጻል። መኪና የያዘው ደግሞ ሞተር ለሌላት መኪና ቁልፍ እንደማያስፈልግ በመግለጫ ያስታውቃል። ለማስታረቅ ሽማግሌዎች ከቨርጂኒያ ይመጣሉ። የሚመጡት በመኪና ነው። መንገዳቸውን በመስኮቱ በኩል ያደርጉና ከነበርገራቸው ይደርሳሉ። እየበሉ "ታገሱ እንጂ ልጆቼ" ይሉናል።

እዚህ ድረስ እየሳቅሁ ነው የጻፍኩት። የሚያናድደኝ ግን አለ።

ሌሊት በእግሩ መስኮት ሥር የሚቆመው ማነው? ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ የሚሠሩ ወገኖቻችን ስንት ናቸው! የሰው መኪና ቁልፍ ግድግዳው ላይ ተደርድሮ፣ እያንዳንዱን ሲያወጣና ሲያስገባ የሚያመሽ ሰው፣ ሥራው ሲያልቅ በእግሩ ወጥቶ አንድ ቡና መግዛት አይችልም። ከመስኮቱ ወዲያ ቆመው ድንቹን ከሚጠብሱትም ውስጥ በአውቶቡስ የሚመጡ ሞልተዋል። በእረፍት ቀናቸው ርቧቸው ቢመጡ ራሳቸው የሚሠሩበት መስኮት አይሸጥላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ማየት የተሳነው አሜሪካዊ ማክዶናልድስን ከሶ ነበር። ዓይነ ስውር መኪና አይነዳም፣ ሌሊት በመስኮት ብቻ ከሸጣችሁ ለእኔ አትሸጡም ማለት ነው አለ። ይሄን ለማስረዳት ጠበቃ ያስፈልጋል? አስፈልጎታል። ኮሮና በገባበት በ2020 ደግሞ መኪና ውስጥ ያልተቀመጠን ሰው የማይመረምሩ ጣቢያዎች ብዙ ነበሩ። ትኩሳት ይዞት በእግሩ የመጣውን ሂድ ይሉታል። በምን ይሂድ? ሰው በተሳፈረበት አውቶቡስ። ይሄን ደንብ የጻፈ ሰው እግረኛን ከሰው አልቆጠረም። ንቀት ነው፣ ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ምስጋና ከሚገባቸው አንዱ "ታዲያ መኪና አትገዛም?" የሚለው ዘመዳችን ነው። በየማኅበሩ አንድ አይጠፋም። የመኪናውን ወርሃዊ ክፍያ ለመክፈል ሁለት ሥራ ይሠራል፣ ሁለቱ ሥራ ጋ ለመድረስ መኪናው ያስፈልገዋል። ለአንድ በርገር ብዬ መኪና፣ ኢንሹራንስ፣ ነዳጅና የመንገድ ዳር ቅጣት እንድገዛ ይመክረኛል። ምክሩን ሲጨርስ "አድርስህ ነበር፣ ግን እቸኩላለሁ" ይላል።

ቀን ላይ የሚሰለፈውንም አንርሳ። በሩ ክፍት ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው፣ ሻጯ ቆማ ደንበኛ ትጠብቃለች። እሱ ግን ሞተሩን አስነስቶ፣ ሕንጻውን የዞረ ሰልፍ ጭራ ላይ ይቆማል። ወርዶ ገብቶ በልቶ በወጣ ነበር። አይወርድም። ሰውነት ግንባታ ቤት እየሄደ ነው፤ እዚያ ደርሶ ባለበት የሚሮጥበት ማሽን ላይ ይራመዳል። ለመራመድ በወር የሚከፍል ሰው በነፃ ቢራመድ ኪሳራ ነው።

ይሄ ሁሉ አሜሪካ ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ። አገር ቤትም እናውቅበታለን። አዲስ አበባ አንድ ትልቅ ግቢ በር ላይ ቁሙና እዩ። መኪና ክላክስ ሲያደርግ ዘበኛው እየሮጠ ይከፍታል፣ ሰላምታም ይሰጣል። ጎን ላይ ያለችው ትንሽ በር ላይ እግረኛው ቦርሳውን ይከፍታል፣ ኪሱ ይዳሰሳል፣ መታወቂያ ያስይዛል፣ "ማንን ፈልገህ ነው?" ይባላል። መኪናው ግን ማንንም ቢፈልግ ይገባል። የአሜሪካኖቹ ሽቦ የሚሠራውን ሥራ የእኛ ዘበኛ ያለ ኤሌክትሪክ ይሠራዋል።

ይህን ጥበብ ያልተረዱ ከተሞች አሉ። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ሚኒያፖሊስ በ2019 አዲስ ድራይቭ ስሩ እንዳይሠራ ጨርሳ ከለከለች። ኦሪገን ያለችው ፖርትላንድ ደግሞ መስኮቱ ክፍት ከሆነ በእግርና በብስክሌት የመጣውንም አስተናግዱ የሚል ነገር ደንቧ ውስጥ አስገብታለች። ሰው በእግሩ መጥቶ ቡናውን ይዞ ይሄዳል። ምን ዓይነት ሥርዓት አልበኝነት ነው?

ሥርዓት ማየት ከፈለጋችሁ እንግሊዝ አገር ናት። ማንቸስተር አጠገብ በ2013 አንዲት ሴት ከነፈረሷ ድራይቭ ስሩ ገባች። መስኮቱ አላስተናግድም አላት። ፈረስ መኪና አይደለማ። ሴትዮዋ አልተከራከረችም። ፈረሱን ይዛ ዞረችና እግረኛ በሚስተናገድበት በዋናው በር ገባች። ፈረሱ ወለሉ መሀል ቆመና ስለ አሠራሩ ያለውን አስተያየት እዚያው ትቶ ወጣ። ፖሊስ መጥቶ የቀጣው ሴትዮዋን ነው። ከመስኮቱ ከተባረርነው ወገን እስካሁን ግልጽ አስተያየት የሰጠ ግን ፈረሱ ብቻ ነው።