ይድረስ በኮምፒውተሬ የበረራ ጨዋታ ውስጥ አውሮፕላኑን በራስዎ ለሚነዱት ለክቡር አውቶፓይለት፣ ካሉበት ሰማይ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ፣ እንግዶቼ ፊት ካዋረዱኝ ውርደት በቀር፣ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ።

የዛሬ አሥራ አምስት ቀን፣ እሑድ፣ ደሴ እኛ ቤት ቡና ተፈልቶ ነበር። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ እናቴ «ያን የምትነዳውን አውሮፕላን አሳያቸው እንጂ» አለችኝ። ኮምፒውተሩን ከፍቼ ሴስና 172 የምትባለውን ትንሽ አውሮፕላን ኮምቦልቻ ማረፊያ ላይ አቆምኩ። ዕድሜ ልካቸውን በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ የጭነት መኪና የነዱት አጎቴ በርጩማቸውን ሳቡ። ከ6,100 ጫማ ከፍታ ላይ አሳምሬ ተነሣሁ። 11,500 ጫማ ብዬ አዘዝኩዎትና እርስዎን አበራሁ። «ይኸው ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ ራሱ ነው የሚነዳው» ብዬ ስኒዬን አነሣሁ።

መቼ 11,500 ላይ ቆመው! አፍንጫዎን ቀስረው 11,700፣ ቀጥለው 12,000። ፍጥነቱ ከ90 ኖት ወደ 70፣ ከዚያ ወደ 50 ወረደ። የማስጠንቀቂያው ጡሩንባ ማላዘን ሲጀምር አክስቴ «ምንድን ነው የሚያለቅሰው?» አሉ። «ነፋስ ነው» አልኩ። ልክ መውደቅ ስንጀምር «ጢጥ ጢጥ» ብለው መሪውን አስረከቡኝ። ከጦሳ ተራራ ጋር ተላተምን።

አጎቴ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «በሐረጎ ስወርድ የሚያንቀላፋ ረዳት አይቻለሁ። ገደል አፍ ላይ መሪ የሚያስረክብ ሹፌር ግን አላየሁም» አሉ። በረካው ሳይቀዳ ሁሉም ተነሣ። ቡና ሳይባረክ እንግዳ የተነሣበት ቤት ምን እንደሚባል ለወሎ ሰው አልነግርም።

ያልሞከርኩት የለም። ጆይስቲኩ ሳይነካ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ብዬ ትንሽ ንቅናቄ እንዳይቆጥር አደረግኩ፤ ወደ ጨረቃ። ጭራሽ ነቀልኩት፤ ወደ ጨረቃ። የከፍታ መለኪያውን የአየር ግፊት 29.92 ላይ አስተካከልኩ። አንዱ ቁልፍ ሁለት ሥራ ደርቦ እንዳይሆን ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈተሽኩ። (ወደ ላሊበላ ስልዎት ወደ አፋር የሄዱበትን ቀን አላነሣም።)

በመጨረሻ ለባለቤቶችዎ አቤት አልኩ። ቅጹን ታውቁታላችሁ፤ መታወቂያ ለማሳደስ ከሚሞላው ይረዝማል፤ ሞልተው ሲጨርሱ «ጊዜዎ አልፏል» ይልና ከስምዎ ያስጀምራል። መልሱ በአራተኛው ቀን መጣ፤ «አጥፍተው እንደገና ይጫኑ።»

እንደገና ይጫኑ! ለጫማ ባስቀመጥኩት ብር የሌሊት ጥቅል ገዛሁ። ሦስት ሌሊት ሳልተኛ መስመሩ ሲንፏቀቅ አየሁ። በሦስተኛው ሌሊት 94 በመቶ ላይ መብራት ሄደ። ሲመለስ ከዜሮ ጀመረ። ሌላ ጥቅል፣ ሌላ ሦስት ሌሊት። ከፈትኩህ፤ ያው ነህ። አዎ፣ «ነህ» አልኩ፤ አንቱታው እዚህ ላይ ያብቃ። በዚያው ጠዋት ደብዳቤ ደረሰኝ፤ «ችግርዎ ስለተፈታ ጉዳዩ ተዘግቷል።» ማን ፈታው? ማንን ጠይቆ? መውደቁንስ ችዬው ነበር። ደኅናውን መንገድ ሁሉ «እኔ አለሁ» ብለህ ይዘህ፣ ገደሉ ላይ ስንደርስ መሪውን እጄ ላይ ትጥላለህ። ጌቶችህም እንዳንተው ናቸው፤ ክፍያ ሲቀበሉ እነሱ፣ ሲወድቅ እኔ።

አጎቴ ዛሬም ለቡና መጥተዋል። ገና ከበሩ «ያ ሹፌርህ ተሻለው?» አሉኝ። እናቴ ቀድማ ኮምፒውተሩን በነጠላ ሸፍናዋለች።